የሰኔ ጥላ

የትምህርት ኢንስፔክተሩ አሰብ ከተማ የገባው በሰኔ አጋማሽ፣ ሙሉ የሱፍ ልብስ ለብሶና ከረባት አስሮ ነበር። ከደሴ ጀምሮ በጭነት መኪና ጋቢና ተቀምጦ ሲመጣ፣ በመንገድ ላይ ኮትህን አውልቅ ያለው ሰው ያለ አይመስለኝም። በትምህርት ቤቱ በር ሲገባ ኮቱ በላብ ርሶ፣ ላቡም ደርቆ በጥቁሩ ጨርቅ ላይ ነጭ የጨው መስመር ሠርቶ ነበር። ወደብ ላይ ጆንያ የሚሸከሙት ሰዎች ሸሚዝም ያው መስመር አለበት። በእነሱ ላይ ሲሆን ግን ማንም አያየውም።

ስሙ አቶ አሥራት ነው። ከአዲስ አበባ ይዞት የመጣው የስምንተኛ ክፍል ፈተና ነበር። ፈተናውን ያለፈ ልጅ አዲስ አበባ ሁለተኛ ደረጃ ይገባል፤ የወደቀ አሰብ ይቀራል። አሰብ የቀረ ወንድ ወደብ ይገባል፣ ወይም ጉምሩክ ጸሐፊ ይሆናል፣ ወይም መኪና ይነዳል። አሰብ የቀረች ሴት ግን የምትገባበት አንድ ቤት ብቻ ነው፤ እሱንም የሚመርጥላት አባቷ ነው።

በዚያ ዓመት ከተፈታኞቹ መካከል ሴት አንዲት ብቻ ነበረች። መሪማ ትባላለች። አባቷ ከሊፋ ከወሎ ወርዶ ወደ ወደቡ በሚወስደው መንገድ ላይ ሱቅ የከፈተ፣ ስኳርና ላምባ፣ ሩዝና ሸራ ጫማ የሚሸጥ ነጋዴ ነው። በባሕሩ ዳር ካለችው ከበይሉል መንደር አንድ የጀልባ ባለቤት መሪማን ለልጁ ከጠየቀ ዓመት አልፎት ነበር። ከሊፋ መልሱን እስከ ፈተናው አቆየው። «ካለፈች መርካቶ አጎቷ ዘንድ ተቀምጣ ትማር። ከወደቀች ግን ሰውየውን ከዚህ በላይ ደጃፌ ላይ አላቆመውም» ብሎ ነግሮኛል። ይህንን የነገረኝ ልጅቷ አጠገባችን ቆማ ጨርቅ እያጣጠፈች ነው። ቀና ብላ አላየችንም፤ ማጣጠፏን ግን አቁማ ነበር።

እኔ ሣህሉ እባላለሁ፤ የሳይንስና የጂኦግራፊ መምህሯ ነኝ። ስኮትላንድ ተምሬ ስመለስ «ለአገር የሚጠቅም ቦታ» ተብሎ የተሰጠኝ አሰብ ነው። እዚያ እያለሁ በዝናቡ ውስጥ ሆኜ የአገሬን ፀሐይ እናፍቅ ነበር። እዚህ ፀሐይ ሞልቷል። ከሰዓት በኋላ የባሕሩ ነፋስ አሸዋ እያነሣ በመስኮት ሲገባ፣ አርባ ልጆች ፊት ቆሜ ስለ በረዶ ግግር የሚያወራ መጽሐፍ ሳነብ፣ እዚህ ምን እንደምሠራ ራሴን እጠይቅ ነበር። መልስ ስላልነበረኝ ማንበቤን እቀጥላለሁ።

መጽሐፉ ከእንግሊዝኛ የተመለሰ ነው። ከሚላቸው ነገሮች አንዱ «በቀትር ጊዜ ጥላ ወደ ሰሜን ይወድቃል» የሚል ነው። ለእንግሊዝ ልጅ ይህ እውነት ነው፤ እንግሊዝ አገር ፀሐይዋ ዓመቱን ሙሉ በደቡብ በኩል ነው የምታልፈው። እኔም ስኮትላንድ ያየሁት እሱኑ ስለነበር ሳላመነታ አስተማርኩት። ልጆቹ እንዲያምኑኝ ብዬ ከባሕር ዳር የተሰበረ የመቅዘፊያ እጀታ አስመጣሁና ግቢው መካከል ተከልኩት። በየሳምንቱ ቀትር ላይ እየወጣን የጥላው ጫፍ ባረፈበት ቦታ ዛጎል እናስቀምጥ ጀመር። ዛጎል የማስቀመጡን ሥራ መሪማ ማንም ሳይሰጣት ወሰደችው።

ጥር፣ የካቲት፣ መጋቢት፤ ዛጎሎቹ ከሰሜን በኩል ወደ እንጨቱ እየተጠጉ መጡ። በሚያዝያ አጋማሽ ጥላው ጠፋ፤ ፀሐይዋ አናታችን ላይ ቆማ ነበር። ከዚያ በኋላ ባለው ሳምንት መሪማ ዛጎሏን ይዛ ጎንበስ እንዳለች ቆየች።

«ጋሼ፣ ዞሯል» አለች።

«ምኑ?»

«ጥላው። በዚያኛው ጎን ወጥቷል። መጽሐፉ ሰሜን ብሎ ነበር እኮ።»

«ዛጎል ለቃሚዋ መጽሐፉን አሸነፈችው!» አለ ከወንዶቹ አንዱ፤ ሁሉም ሳቁ።

ሄጄ አየሁ። ጥላው በደቡብ በኩል፣ አውራ ጣት የሚያህል ወጥቷል። ክፍል ገብተን ሰሌዳው ላይ ምድርን ሣልኩ። ፀሐይ በዓመቱ ውስጥ ወደ ሰሜንና ወደ ደቡብ እንደምትመላለስ፣ ከሚያዝያ አጋማሽ እስከ ነሐሴ አጋማሽ እኛን አልፋ በሰሜናችን በኩል እንደምትሆን፣ ስለዚህ ጥላችን ወደ ደቡብ እንደሚዞር አስረዳኋቸው። ለራሴም ያስረዳሁት ያን ቀን ነው። አገሬ ከገባሁ ወዲህ ያን ያህል ደስ ብሎኝ አያውቅም። መጽሐፉን ዘግቼ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩና «ከእንግዲህ ያላያችሁትን አትጻፉ» አልኳቸው።

«ጋሼ፣ ሰሜን ዋልታን አላየሁትም፤ እሱን ልዝለለው?» አለ ያው ልጅ።

ሳቅን። መሪማ አልሳቀችም፤ ዛጎሉን ጨብጣ ወደ ግቢው ትመለከት ነበር።

ይህ የሆነው አምና ነው። ዘንድሮ አቶ አሥራት ይዞት በመጣው ፈተና ላይ ደግሞ እንዲህ የሚል ጥያቄ ነበር፦ «በአገራችን በቀትር ጊዜ የቆመ እንጨት ጥላ ወደየት ይወድቃል?»

የፈተናው ክፍል መስኮት ወደ ግቢው ነው የሚከፈተው። መሪማ ቀና ብላ ወደ እንጨቱ ስታይ እኔም ከበሩ ሆኜ አይቻታለሁ። «ወደ ደቡብ» ብላ ጻፈች። ወንዶቹ በሙሉ «ወደ ሰሜን» ብለው ጻፉ። እነሱም አምና ከእኔ ጋር ፀሐይ ላይ ቆመው ጥላው ሲዞር ያዩ ናቸው። ለምን ብዬ ስጠይቃቸው «ጋሼ፣ ለእርስዎ ደቡብ፣ ለፈተናው ሰሜን» አሉኝ፤ እንዲህ ያለ ግልጽ ነገር ለመምህር ማስረዳት ገርሟቸው።

አቶ አሥራት ፈተናውን እዚያው ዳይሬክተሩ ቢሮ ተቀምጦ አረመ። በማግሥቱ ዳይሬክተሩ አቶ ወልደሚካኤል አስጠራኝ። ከጎጃም ተመድቦ የመጣ፣ ጡረታውን የሚጠብቅ፣ ክፉ ያልሆነ ሰው ነው። መሪማ ለማለፍ የጎደላት ያቺው አንዲት ጥያቄ እንደሆነች ነገረኝ።

«አቶ አሥራት፣ ልጅቷ ትክክል ናት» አልኩ ጠረጴዛው ላይ ወዳቀረቀረው ኢንስፔክተር ዞሬ።

«መልሱ ሰሜን ነው» አለ ከወረቀቱ ቀና ሳይል።

«በሰኔ ደቡብ ነው። ከፈለጉ ወጥተን እንየው።»

«እናንተ ባሕር ማዶ የተማራችሁ!» ብዕሩን አስቀመጠ። «እሺ፣ አንተ በነበርክበት በስኮትላንድ ጥላው ወደየት ነው?»

«ስኮትላንድማ ዓመቱን ሙሉ ወደ ሰሜን ነው።»

«ታዲያ ምን ፈለግህ?» ብሎ ወደ ዳይሬክተሩ ዞረ። አቶ ወልደሚካኤል መሳቅ እንዳለበት ገባውና ሳቀ።

«አሰብ ስኮትላንድ አይደለም» አልኩ።

«እሱንስ ላቤ ነግሮኛል። ስማኝ ልጄ። ይህ ጥያቄ ጎንደር ተጠይቋል። ሐረር ተጠይቋል። ጅማ ተጠይቋል። ሁሉም ሰሜን ብሏል።»

«እዚያም በዚህ ወር ደቡብ ነው። እርስዎ አዲስ አበባ ከቢሮዎ ወጥተው ደጃፍ ላይ ቢቆሙ ደቡብ ነው።»

የጣሪያው ቬንቲላቶር ወረቀቶቹን አንድ ጊዜ አንሥቶ መለሳቸው። ከዚያ በዝግታ፣ እንደ ደከመው ሰው፣ «እንግዲያ ያንተን አንዲት ልጅ ላሳልፍ ብዬ የአገሩን ልጅ ሁሉ ልጣልልህ?» አለኝ።

አቶ ወልደሚካኤል ገባበት። «ጌታዬ፣ አዲስ አበባ ከአሰብ ለምትመጣ ሴት የተያዘው ቦታ ባዶ ከሚቀር በቃል ቢጠይቋትስ?»

አቶ አሥራት አሰበና ራሱን ነቀነቀ። «ነገ ይችኑ ጥያቄ በቃል እጠይቃታለሁ። በትክክል ከመለሰች አለፈች። አባቷም ይምጣ፤ በኋላ ተበደልኩ እንዳይል።»

«በቀትር ይሁን» አልኩ፤ «ግቢው ውስጥ፣ እንጨቱ አጠገብ።»

ዳይሬክተሩ ከጠረጴዛው ሥር እግሬን ረገጠኝ።

«ይሁን» አለ አቶ አሥራት። «እዚህ ውስጥ ከመጋገር ደጅ ወጥቶ መቃጠል ይሻላል።»

አመሻሹ ላይ ወደ ከሊፋ ሱቅ ሄድኩ። ከወደቡ የሚመለሱ ሠራተኞች ደጃፉ ላይ ውሃ እየጠጡ ነበር።

«አህለን መምህር፣ ይግቡ» አለኝ። «አንቺ፣ ወንበር!»

መሪማ ወንበር አመጣችልኝና ከሩዙ ጆንያዎች ጀርባ ቆመች። የተባለውን ሁሉ ነገርኳቸው። ነገ ሰው ሁሉ በተሰበሰበበት፣ ጥላው ከፊታቸው እያለ፣ ደቡብ ብትል ማንም ሊክዳት እንደማይችል ነገርኳቸው። ስናገር ድምፄ ከፍ ብሎ ኖሯል፤ ከደጅ ያሉት ሰዎች ዞረው አዩኝ።

ከሊፋ ስኳር መመዘኑን ሳያቋርጥ «መምህር፣ ጥላው የት እንደሚወድቅ ለእኔ ምኔ ነው? ልጄ የት እንደምትወድቅ ይንገሩኝ» አለ።

«እውነቱን ብትናገር…»

«ወላሂ እውነት እወዳለሁ። ይህን ሚዛን ሳነሣ አላህ ያየኛል። ግን ሰውየው ነገ የሚጠይቀው ፀሐይን ነው ወይስ ልጄን?»

ከመጋረጃው ጀርባ የመሪማ እናት የሳልሀ ድምፅ መጣ። «ምን ታደርቀዋለህ? ተድሮ በይሉል የሚሄደው እሱ መሰለህ?»

ከሊፋ ሳቁን ዋጠው። መሪማ ከጆንያዎቹ መካከል ወጣች።

«ጋሼ፣ ደቡብ ካልኩ አልፋለሁ?»

«ትክክል ነሽ።»

«እሱንማ አውቃለሁ። አልፋለሁ?»

«ሰው ሁሉ እያየ እንዴት አድርጎ ይክድሻል? ያፍራል እኮ!»

«ያፍራል» አለች፤ ቃሉን አባቷ ስኳሩን በሚመዝንበት ዓይነት ቀስ ብላ። ሌላ ነገር አልጠየቀችኝም። እንደተስማማን ቆጥሬ ወጣሁ፤ በባሕሩ ዳር ስመለስም ነገ አቶ አሥራት የሚሆነውን አኳኋን እያሰብኩ ብቻዬን እስቅ ነበር።

በማግሥቱ ስድስት ሰዓት ላይ ተማሪዎቹ በቆርቆሮው ጣሪያ ሥር ቆሙ። ከሊፋ ነጭ ጀለቢያ ለብሶ፣ ቆቡን አስተካክሎ መጣ። አቶ ወልደሚካኤል ለእንግዳው ጥቁር ጃንጥላ ይዞለት ስለነበር፣ አቶ አሥራት የራሱን ጥላ ሊያይ በማይችልበት ሁኔታ ክብ ጨለማ ውስጥ ቆሟል። አሸዋው ያቃጥላል። ከእንጨቱ ሥር ወደ ደቡብ፣ አንድ ስንዝር የምትሆን ጥቁር መስመር ተዘርግታ፣ ጫፏ ባለፈው ሳምንት ያስቀመጥነውን ዛጎል ነክታለች። ሕፃን ቢመጣ ያያታል።

መሪማ ተጠራች። መሬት የሚጠርግ ሰፊ ቀሚስ ለብሳለች፤ በአዘቦት የማትለብሰው የዒድ ቀሚሷ ነው። ለኢንስፔክተሩ እጅ ነሣች። ከዚያ እንጨቱን በቀኝ በኩል ዞረች። ልታጎነብስና በጣቷ ልታሳይ ነው ብዬ አንገቴን አሰገግኩ። እሷ ግን በደቡብ በኩል፣ እንጨቱን ልትነካ እስኪቀራት ተጠግታ፣ ፊቷን ወደ እኛ አዙራ ቆመች። ቀሚሷ አሸዋው ላይ ተዘረጋ። ዛጎሉ ከሥሩ ገባ። ጥላውም ቀሚሷ ላይ ወጥቶ በእጥፋቱ መካከል ጠፋ።

«እሺ ልጄ» አለ አቶ አሥራት፤ «በቀትር ጊዜ የቆመ እንጨት ጥላ ወደየት ይወድቃል?»

«ወደ ሰሜን፣ ጌታዬ።»

«ጮክ በይ፣ መምህርሽም ይስማ።»

«ወደ ሰሜን!»

ከሊፋ «አልሐምዱሊላህ» ብሎ ፊቱን በሁለት እጁ አበሰ። ዳይሬክተሩ በአንድ እጁ ጃንጥላውን እንደያዘ ሌላውን በጭኑ ላይ አጨበጨበ። ወንዶቹ ከጣሪያው ሥር አፏጩ።

«መሪማ፣ ወደ ጎን በይ» አልኳት።

«ሣህሉ!» አለ አቶ ወልደሚካኤል።

«ወደ ጎን በይ አልኩሽ። ቀሚስሽን አንሺ።»

አልተነቃነቀችም። አየችኝ። ያፈረች አትመስልም፣ የተቆጣችም አትመስልም። ሙሉ የእንቁላል ቅርጫት ተሸክሞ ደረጃ የሚወርድን ሰው ነው የምታይ የምትመስለው፤ ቅርጫቱ የእሷ ሆኖ።

«ጋሼ፣ መለስኩ እኮ» አለች በዝግታ።

ሁለት እርምጃ ብራመድ ቀሚሷን በእግሬ ገፍቼ ጥላውን ማሳየት እችል ነበር። ከሊፋ ይህ ገብቶት በመካከላችን መጥቶ ቆመ፤ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ። ያን ጊዜ አቶ አሥራት «በሉ ግቡ፣ ሰው ሊቀልጥ ነው» ብሎ ወደ ቢሮው መንገድ ጀመረ። ልጆቹም ተበተኑ። መሪማ ግን ሁላችንም ጀርባችንን እስክንሰጥ ከቦታዋ አልለቀቀችም።

ቢሮ ውስጥ አቶ አሥራት ኮቱን ለመጀመሪያ ጊዜ አውልቆ፣ አንድ ጠርሙስ ውሃ በአንድ ትንፋሽ ጠጣ።

«አይቼዋለሁ» አለኝ፤ ዳይሬክተሩ ምሳ ሊያዝዝ ወጥቶ ነበር።

«ምኑን?»

«ጥላውን ነዋ። ልጅቷ ሳትቆምበት በፊት።»

«ታዲያ?»

«ታዲያማ ልጅቷ አለፈች። ብልህ ናት። ሁላችንንም ገላገለችን።»

«ደቡብ ብትል ኖሮስ?»

«ትወድቅ ነበር» አለ፤ የክፋት ድምፅ አልነበረውም። «መልሱ ታትሟል፣ ልጄ። እኔ የታተመ ነገር ማረም እችላለሁ?» ጠርሙሱን አስቀመጠና ከረባቱን መልሶ ማጥበቅ ጀመረ።

ክረምቱን እዚያው አሰብ ቆየሁ። ደጋው በዝናብ ሲርስ እዚህ ሰው ደጅ አይወጣም፤ ውሾች እንኳ ቀን ቀን ከጭነት መኪናዎቹ ሥር ነው የሚውሉት። ትምህርት ቤቱ ተዘግቶ ግቢው ባዶ ነበር። አዲስ አበባ ተመልሼ ሥራ ልለምን፣ ወይስ ወደ ውጭ የምወጣበትን መንገድ ልፈልግ እያልኩ ሳወጣ ሳወርድ፣ አንዱንም ሳላደርግ፣ በየሳምንቱ ቀትር ላይ ብቻዬን እየሄድኩ ዛጎል አስቀምጥ ነበር። በነሐሴ፣ ፍልሰታ ሳይፈታ፣ ጥላው እንደገና ጠፋ። ከዚያ በሰሜን በኩል ብቅ አለ።

በመስከረም መጀመሪያ ከሊፋና መሪማ ሊሰናበቱኝ ወደ ትምህርት ቤቱ መጡ። ወደ ደሴ የሚሄደው መኪና ጭነቱን እየጨረሰ ነበር። ከሊፋ አንድ ከረጢት ስኳር አስታቅፎኝ ዳይሬክተሩን ሊሰናበት ገባ። መሪማ በቀጥታ ወደ እንጨቱ ሄደች። ቀትር ነበረ። ጥላው በሰኔ የነበረውን ያህል፣ ያው አንድ ስንዝር ነው፤ በሰሜን በኩል።

«ይኸው ጋሼ» አለች፤ «ሰሜን ሆነ።»

«አሁን ነዋ።»

«አውቃለሁ።»

«አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ሰሜን ማለቱስ ይሁን፤ ጥላው ላይ መቆሙ ግን ለምን አስፈለገ?»

ዛጎሎቹን በጫማዋ ጫፍ አንድ በአንድ እየነካች ቆየች። «ሰው ሁሉ ካየው ያፍራል ያሉኝ እርስዎ ነዎት። ያፈረ ሰው ያሳልፋል እንዴ?»

ከወደቡ በኩል የመኪናው ጡሩምባ ተሰማ፤ ከሊፋም ከቢሮው ወጥቶ ይጣራ ጀመር።

«አዲስ አበባ ስትደርሺ እንጨት ትተክያለሽ?» አልኳት። ይህን የጠየቅኩት አዎ እንድትለኝ ፈልጌ ነው።

«ለምን ብዬ?» አለች፤ ሳቀችም። «መልሱን አውቀዋለሁ።»

«የትኛውን?»

«የሚጠየቀውን» አለችና ጎንበስ ብላ ጉልበቴን ልትስም ስትል ያዝኳት። ከዚያ ነጠላዋን አጣፍታ ወደ አባቷ ሮጠች። መኪናው የጨው ማምረቻውን አልፎ አቧራው እስኪጠፋ ግቢው ውስጥ ቆሜ ነበር።

በሚቀጥለው ሰኞ ትምህርት ተጀመረ። አቶ ወልደሚካኤል ክፍሌ ድረስ መጥቶ፣ ትከሻዬን መታ መታ አድርጎ፣ «ዘንድሮ እንግዲህ ያለ ጭቅጭቅ» ብሎኝ ሄደ። አዲሶቹን ልጆች ይዤ ወደ እንጨቱ ወጣሁ። አንደኛው ወደ መሬቱ አይቶ «ጋሼ፣ ሰሜን ነው! ልክ እንደ መጽሐፉ!» ብሎ ጮኸ።

«ልክ ነህ» አልኩት፤ ልክም ነበር። ከአሁን እስከ ሚያዝያ አጋማሽ መጽሐፉን ሳልዋሽ ማስተማር እችላለሁ። ፈተናው ግን በሰኔ ነው።